ሐይቅ ስንደርስ ምን እናድርግ?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በሒሳብ ሠራተኛችን የቀረበ ንግግር)



የዓመቱን የቁጠባና የብድር ሒሳብ ቀደም ብዬ አቅርቤአለሁ፤ ብዙ ጥያቄ አልተነሣበትም። ጥያቄ የበዛው የመጨረሻዋ መስመር ላይ ነው፦ «የአባላት የአንድ ቀን ጉዞ ወደ ሐይቅ»። ሰብሳቢያችን «እስቲ አንቺ አስረጂ» ስላሉኝ ነው የቆምኩት።

መጀመሪያ ስለ ገንዘቡ ልናገር። ይህ ገንዘብ ከብድር ፈንዱ አልተነካም፤ ከለጋሾች ድጋፍም አልወጣም። ለጉዞ ብለን በየወሩ ያዋጣነው ነው፤ የራሱ ደረሰኝና የራሱ መዝገብ አለው። አንድ ቅጥቅጥ ለመከራየትና ምሳ ለመብላት ይበቃል። ስለዚህ ዛሬ የቸገረን የገንዘብ ማነስ አይደለም። የሚያንሰን ሰዓት ነው።

ሁለት ሐሳብ ቀርቧል። አንደኛው «ከወጣን አይቀር ታሪካዊ ቦታ እንይ፤ ውጫሌ ወርደን ይስማ ንጉሥን እንጎብኝ፣ ከዚያ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ እንሂድ፤ ተመልሰን ምን አያችሁ ስንባል የምንለው ይኑረን» የሚል ነው። ሁለተኛው «እኛ የደከመን ሰዎች ነን፤ ሐይቁ ዳር ተቀምጠን፣ እግራችንን ውሃ ነክረን፣ ቡናችንን አፍልተን እንመለስ» ይላል። «ሁለቱንም እናድርግ» የሚሉም አሉ። እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝና እስቲ ሰዓቱን እንደ ብር እንቁጠረው።

ከወልድያ ደሴ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሐይቅ ከተማ ከደሴ በፊት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር ትገኛለች። እኛ ከሐራ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ብንነሣ፣ የመርሳ አባሎቻችንን ብንጭን፣ መንገድ ላይ ቁርስ ብንቀምስ፣ ሐይቅ የምንደርሰው 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሳይመሽ ቤት ለመግባት ደግሞ ከ9 ሰዓት ተኩል ማለፍ የለብንም። የምታለብ ላም ያለቻት አለች፤ የሚጠባ ልጅ ለአያት ትታ የምትመጣ አለች። እንግዲህ በእጃችን ያለው 6 ሰዓት ነው።

ከዚህ ላይ እንቀንስ። ምሳና ቡና 2 ሰዓት ይወስዳሉ። ሙስሊም እህቶቻችን የዙህር ሶላት ይሰግዳሉ። ሰው ለመሰብሰብ፣ የጠፋ ነጠላ ለመፈለግ፣ ፎቶ ለመነሣት፣ ደግሞም ለመውረድና ለመሳፈር አንድ ሰዓት ያልቃል። ሦስት ሰዓት ገደማ ቀረ። ይስማ ንጉሥ ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ነው፤ ደርሶ ለመመለስና ለመጎብኘት በእኔ ግምት ከ2 ሰዓት አያንስም። ወደ እስጢፋኖስ በኩል መሄድ ከጨመርንበት ሐይቁ ዳር ለመቀመጥ የሚተርፈን ምንም የለም። «ሁለቱንም» ያልነው እንዲህ ሆኖ ሁለቱንም በሩጫ አይተን የምንመለስበት ጉዞ ይሆናል።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። በካሪቢያን ባሕር በትልልቅ የመዝናኛ መርከብ የሚዞሩ ባለገንዘቦችም ይኸው ይገጥማቸዋል። መርከቧ በአንድ ደሴት የምትቆመው ለጥቂት ሰዓታት ነው። በሜክሲኮ ኮዙሜል የምትባል ደሴት አለች፤ ነጭ አሸዋ ያለው የባሕር ዳርቻዋ የታወቀ ነው። በመካከሏ ደግሞ ሳን ኸርቫስዮ የሚባል የጥንት የማያ ሕዝብ ፍርስራሽ አለ፤ በድሮ ዘመን የማያ ሴቶች በወሊድ የምትረዳ ለሚሏት ኢሽቼል ለተባለች አምላካቸው ሊሳሉ ባሕር ተሻግረው ይመጡበት ነበር። መንገደኛው ወይ ፍርስራሹን ያያል፣ ወይ አሸዋው ላይ ይተኛል። ሁለቱንም እይዛለሁ ያለው ዓይኑ ሰዓቱ ላይ እንደተተከለ ይውላል፤ መርከቧ ሰዓቷ ሲደርስ ለዘገየ አትቆምም። ገንዘብ ያለውም የሌለውም ሰዓት ላይ እኩል ነው። የሚለየው ከመውረዱ በፊት የመረጠና ያልመረጠ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ።

የይስማ ንጉሥን ታሪክ አላቃልልም። የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው እዚያ ነው። አንቀጽ 17 በአማርኛው ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት መጠቀም ይችላሉ ሲል፣ የኢጣልያኑ ቅጂ ግዴታ አደረገው። ነገሩ ተጎትቶ አድዋ ደረሰ። ለእኛ ብድር ለምንፈርም ሴቶች ከዚህ የበለጠ ትምህርት የለም፦ ሁለት ቅጂ ካለ ሁለቱንም አስነብቢ። ነገር ግን ይህ ቦታ በ2 ሰዓት ጥድፊያ የሚታይ አይደለም። የራሱ ቀን ይገባዋል።

ሐይቅ እስጢፋኖስም ትልቅ ቦታ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት፣ ከ700 ዓመት በፊት የተጻፈ ወንጌል የሚጠበቅበት ገዳም ነው። ነገር ግን የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሥርዓቱ ሴት አያስገባም፤ ሥርዓቱን እናከብራለን። እንግዲህ እኛ የሴቶች ማኅበር ነን፤ ግማሾቻችንም ሙስሊሞች ነን። ያለችንን ሰዓት ከፍለን ደጃፍ ደርሰን ከምንመለስ፣ ከማዶ ሆነን በሰላም ብናየው ይሻላል። ገዳሙ ያለበት መሬት ድሮ ደሴት ነበር፤ አሁን ከየብስ ጋር ተገናኝቷል። አገሬው ስለ ሐይቁ አፈጣጠር የሚያወራው ተረት አለ። አንዲት ነፍሰ ጡር በአንዲት ልዕልት ተበድላ አለቀሰች፤ እግዚአብሔርም ተቆጥቶ ዙሪያውን ሁሉ ውሃ አደረገው፤ ያቺ የተበደለችው ሴት የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ሳይሰጥም ቀረ፤ ደሴቱ እሱ ነው ይላሉ። ይህን ተረት ሐይቁ ዳር ተቀምጦ መስማት የሰዓት ወጪ የለውም።

አንዲት እናታችን በኮሚቴው ስብሰባ ላይ «ውሃ ለማየት ነው እንዴ ገንዘብ የምናወጣው? ውሃማ ዕድሜያችንን ሙሉ ስንቀዳ ኖረናል» ብለው ሁላችንንም አስቀውናል። ቤት ስገባ ግን አሰብኩበት። እውነታቸውን ነው፤ እኛ ውሃ የምናውቀው በጀሪካን፣ በወረፋ፣ በጀርባ ነው። ሳይቀዱት፣ ሳይሸከሙት፣ «ይበቃ ይሆን?» ሳይሉ ውሃ ፊት ተቀምጠው የዋሉበት ቀን ስንት ነው? ከመካከላችን አንድ ቀን ብላ መቁጠር የምትችል ካለች እጇን ታውጣ።

ሌላም ነገር አለ፤ ሳላነሣው ብቀር ደስ አይለኝም። ብዙዎቻችን የመርሳንና የሐይቅን መንገድ መጨረሻ ያየነው በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ሲመጣ ነው። ልጅ አዝለን፣ ሽማግሌ ደግፈን፣ ወደ ደሴ ስንሸሽ በሐይቅ አልፈናል። ያኔ ሐይቁን ቀና ብሎ ያየ አልነበረም። አንዳንዶቻችን እስከ ዛሬ ያ መንገድ ሲነሣ ሆዳችን ይረበሻል። በዚያው መንገድ ሄዶ፣ በዚያው ቦታ ወርዶ፣ ማንም ሳያባርረን እስኪበቃን ተቀምጦ መመለስ በየትኛውም የጉብኝት ዝርዝር ውስጥ የለም። ለእኔ ግን ከጉብኝት አያንስም።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። የማኅበር ሪፖርት ሲጻፍ «ሥልጠና»፣ «የልምድ ልውውጥ»፣ «ጉብኝት» የሚሉ ቃላት ያምራሉ። «ዕረፍት» የሚለው ቃል ግን ሪፖርት ላይ ሲጻፍ ያሳፍራል፤ እንደ ስንፍና ይቆጠራል። እኔ መዝገቡ ላይ በስሙ ልጽፈው እፈልጋለሁ፤ ዕረፍት ብዬ። ዓመቱን ሙሉ ጠላ የጠመቀች፣ እንጀራ የሸጠች፣ በሬ ያደለበች፣ ብድሯን በቀኑ የመለሰች ሴት አንድ ቀን ብታርፍ ሌላ ስም የሚለጠፍለት ነገር አይደለም።

ስለዚህ ለውሳኔ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው።

አንደኛ፣ የዘንድሮው ጉዞ ዋና ዓላማ ሐይቁ ዳር መዋል ይሁን። ውጫሌን ስናልፍ ከመካከላችን የታሪክ መምህርት የሆነችው እህታችን መኪናው ውስጥ የውሉን ታሪክ ትንገረን፤ ታሪኩ በጉዞ ላይ ስለሚነገር ከ6 ሰዓታችን ላይ አንድ ደቂቃ አይቀንስም።

ሁለተኛ፣ ይስማ ንጉሥ ለሚቀጥለው ዓመት ለብቻው ይያዝ። መዋጮውን ከዚህ ወር ጀምረን ብንቀጥል ይደርሳል።

ሦስተኛ፣ በጀልባ መሄድ የሚፈልጉ ከምሳ በፊት በራሳቸው ወጪ ይሂዱ፤ የሕይወት ማዳኛ ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ ግን ማንም አይሳፈር። ሐይቁ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። እግር መንከር ዳር ላይ ብቻ ነው፤ ልጅ ይዛ የመጣች ዓይኗን አትንቀል።

አራተኛ፣ ቀኑ የጾም ቀን ከሆነ ሽሮና ምስር ከቤት ይያዝ፤ ካልሆነ ዓሣ እዚያው እናስጠብሳለን። ለስግደት ጊዜና ቦታ አስቀድሞ ይያዝ። ቡናውን፣ ጀበናውንና ስኒውን የሚይዙ ሁለት ሰዎች ዛሬ ይመረጡ።

አምስተኛ፣ ጉዞው መንገዱ ሰላም መሆኑ በተረጋገጠበት ቀን ብቻ ይሁን። ጥርጣሬ ካለ ቀኑን እናዛውረዋለን፤ ገንዘቡ መዝገብ ላይ ነው፣ አይጠፋም።

የመጀመሪያው ሐሳብ ደጋፊዎች ቅር እንዳይላችሁ። ታሪክ ማየት አይጠቅምም አላልኩም። የምለው ስድስት ሰዓት ላላት ሴት ሁለት ግማሽ ነገር ከምንሰጣት አንድ ሙሉ ነገር እንስጣት ነው። «ምን አያችሁ?» ብለው ለሚጠይቁን ደግሞ መልስ አለን፦ ሐይቁን አየን፤ ደግሞም ዐረፍን።

አሁን ሰብሳቢያችን ድምፅ ያሰጣሉ። የኮሚቴው አባላት እጅ ትቆጥራላችሁ፤ እኔ እመዘግባለሁ። የማትደግፍ እጇን ለማውጣት አትፈር፤ እሷም ትመዘገባለች።