ሚዛን የማይለካው አእምሮ

 ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ በአንድ ወቅት ከዒሻ ሶላት በኋላ አንድ አባት ስለ ሴት ልጁ አማከረኝ። ልጅቱ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት አምጥታለች። እርሱ ግን «ኡስታዝ፣ የሴት አንጎል ከወንድ እንደሚያንስ ሳይንሱም አረጋግጧል ይባላል። ታዲያ ምን አደከመኝ?» አለኝ። የዛሬው ርእሳችን ለዚህ ወንድማችን የሰጠሁት መልስ ነው።

በመጀመሪያ እውነቱን እንቀበል። የወንድ አንጎል በአማካይ ከሴት አንጎል በ10 በመቶ ያህል ይበልጣል። ነገር ግን የወንድ ልብም ሆነ ሳንባ በአማካይ ይበልጣል፤ ከአካል ግዝፈት ጋር አብሮ የሚሄድ ነገር ነውና። አማካይ ደግሞ ስለ እያንዳንዱ ሰው አይናገርም፤ ከብዙ ወንዶች የተለቀ አንጎል ያላቸው ሴቶች አሉ። ጠቅላላው መጠን ታስቦ ሲነጻጸር በየአንጎሉ ክፍሎች የሚቀረው ልዩነት ጥቂት ነው። በአጠቃላይ የማሰብ ችሎታም በሁለቱ ጾታዎች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም።

ስህተቱ የቆየ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ በፓሪስ የሟቾችን አንጎል መዝኖ፣ የሴቶቹ ስለቀለለ የማሰብ ችሎታቸውም ያንሳል ወደሚል ድምዳሜ ሄደ። የቁመትንና የዕድሜን ልዩነት በሚገባ አላሰበበትም። በ1955 እ.ኤ.አ. የሞተው የአልበርት አንስታይን አንጎል 1,230 ግራም ነበር፤ ከወንዶች አማካይ በታች ማለት ነው። እውቀት በኪሎ ቢሆን ኖሮ ዝሆን ሁላችንንም ባስተማረን ነበር! እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከሁለት ሺህ በላይ ሐዲሶችን አስተላልፈዋል፤ ታላላቅ ሶሓቦችም የከበዳቸውን ጉዳይ ይጠይቋቸው ነበር።

አባትየው ጥቂት ዝም ብሎ፣ «እናቴስ? ሰባ ዓመት አልፏታል፤ የልጆቼን ስም ትረሳለች» አለኝ።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፤ አንጎል ከዕድሜ ጋር ይለወጣል። ሕፃን ስድስት ዓመት ሲሞላው አንጎሉ የአዋቂን መጠን ወደ 90 በመቶ ይደርሳል። ማመዛዘንንና ቁጣን መግታትን የሚያግዘው የፊተኛው ክፍል ግን እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ መብሰሉን ይቀጥላል፤ በወጣት ልጆቻችን ላይ ቶሎ ተስፋ አንቁረጥ። ከዚያ በኋላ አንጎል ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ትውስታን የሚያግዘው ሂፖካምፐስ የተባለው ክፍል በእርጅና ዘመን በየዓመቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ያህል ሊሸሽ ይችላል። ይህ በወንድም በሴትም ይደርሳል። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አር-ሩም የሰው ልጅ ከድክመት ወደ ጥንካሬ፣ ከጥንካሬም ተመልሶ ወደ ድክመትና ሽበት እንደሚሸጋገር አስታውሶናል።

ይሁንና መርሳትን ሁሉ «እርጅና ነው» ብለን አንለፈው። የደም ግፊት፣ የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ወይም ድብርት ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም ሊያየው ይገባል። በ2011 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በ120 አረጋውያን ላይ የተደረገ ጥናት ውጤት ወጥቷል፤ በሳምንት ሦስት ቀን ለ40 ደቂቃ በፍጥነት የተራመዱት ከአንድ ዓመት በኋላ ሂፖካምፐሳቸው በ2 በመቶ ያህል ጨመረ፤ ሰውነት ማሳሳብ ብቻ የሠሩት ግን ቀነሰባቸው። እናት አባታችንን ከቤት ዘግተን ከማስቀመጥ እጃቸውን ይዘን እናራምዳቸው። አንዱን ታሪክ አሥር ጊዜ ቢነግሩንም ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሰማን ሆነን እናዳምጥ። አላህ በእርጅናቸው «ኡፍ» እንኳ እንዳንላቸው ከልክሎናል።

ለዚያ ወንድማችን በመጨረሻ ያልኩት ይህን ነው፦ «ልጅህ አማና ናት፤ እናትህም አማና ናት። አንዷ እንድትማር፣ ሌላዋ እንዳትዋረድ አላህ ዘንድ ትጠየቃለህ። የአንጎላቸው ክብደት ግን አንተ የምትጠየቅበት አይደለም።»

አላህ ለልጆቻችን ጠቃሚ ዒልም፣ ለወላጆቻችን ያማረ ፍጻሜ ይስጥልን። አሚን።