ጂፒዩ ከራሳችን ክፍል ወይስ ከክላውድ?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው የማኅበሩ ገንዘብ በምን ላይ ይዋል በሚለው ክርክር የበኩላችንን ለማለት ነው። ባለፈው ስብሰባ «ክላውድ እያለ ኮምፒዩተር መግዛት ምን ይሉታል?» ያሉ ነበሩ፤ «የራሳችን ካልሆነ ምኑን ተማርነው?» ያሉም አልጠፉም። ሁለቱም ወገን ግን ጂፒዩ የሚባለው ዕቃ ምን እንደሚሠራ ሳያስረዳ ስለ ዋጋው ብቻ ተከራከረ። እኛ ከሥራው እንጀምራለን።

ጂፒዩ በመጀመሪያ የተሠራው ለጨዋታ ምስል ነው። በስክሪን ላይ ያሉትን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ነጥቦች ቀለም በየሰከንዱ ደጋግሞ ማስላት ያስፈልጋል፤ የአንዱ ነጥብ ስሌት ደግሞ የሌላውን ውጤት አይጠብቅም። ስለዚህ ሠሪዎቹ ጥቂት ባለሙያ ከመቅጠር ይልቅ ብዙ ተራ ሠራተኛ አሰለፉ። ሲፒዩ ሁሉን የሚችል ብልህ አንጥረኛ ቢሆን፣ ጂፒዩ ደቦ ነው። አርቲኤክስ 4090 በተባለው ካርድ ላይ ብቻ 16,384 አስሊዎች አሉ።

ደቦ ግን ሁሉን ሥራ አይሠራም። በኤንቪዲያ ካርዶች ላይ ሠራተኞቹ 32 እየሆኑ በአንድ ትእዛዝ ይንቀሳቀሳሉ፤ ፕሮግራሙ «እንዲህ ከሆነ ይህን፣ ካልሆነ ያንን» ብሎ ከከፈላቸው እኩሌቶቹ ሲሠሩ እኩሌቶቹ ቆመው ይጠብቃሉ። መጓጓዣውም ሌላ ጣጣ ነው። ያው ካርድ ከገዛ ሜሞሪው በሰከንድ ወደ 1,000 ጊጋባይት ያነብባል፤ ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚያገናኘው መስመር ግን በአንድ አቅጣጫ ከ32 ጊጋባይት አይበልጥም። ዳታውን በየደቂቃው የሚያመላልስ ፕሮግራም የጻፈ ሰው፣ እህሉ ከጎተራ እስኪመጣ ደቦው ጠላ እየጠጣ ይጠብቀዋል። «ጂፒዩ ተጠቀምኩ፤ ምንም አልፈጠነልኝም» ለሚሉን ጓደኞቻችን ብዙውን ጊዜ መልሱ ይኸው ነው።

ኤንቪዲያ ኩዳ የተባለውን የፕሮግራም መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2007 እስኪያወጣ ድረስ፣ ተመራማሪዎች ሒሳባቸውን የምስል ሥራ አስመስለው ለካርዱ ያቀርቡ ነበር። ከዚያ በኋላ መንገዱ ቀና። እ.ኤ.አ. በ2012 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ተማሪ አሌክስ ክሪዤቭስኪ ከኢልያ ሱትስኬቨርና ከመምህራቸው ከጄፍሪ ሂንተን ጋር 1.2 ሚሊዮን ሥዕሎችን የሚለይ መረብ አሠለጠነ። የተጠቀሙባቸው ለጨዋታ የሚሸጡ ሁለት ጂቲኤክስ 580 ካርዶች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸውም የያዙት 3 ጊጋባይት ሜሞሪ ብቻ ነው። ሥልጠናው ከአምስት እስከ ስድስት ቀን ፈጀ፤ በውድድሩም ስሕተታቸው 15.3 ከመቶ ሲሆን፣ የሁለተኛው 26.2 ከመቶ ነበር። ይህን የምንጠቅሰው፣ ትልቅ አዳራሽ ሙሉ ዕቃ ከሌለ ምርምር የለም ለሚሉ ወገኖች ነው።

እንግዲህ ወደ ግዢው። ካርድ ሲመረጥ ከፍጥነቱ በፊት ሜሞሪው ይታይ። ሰባት ቢሊዮን ቁጥሮች ያሉት የቋንቋ ሞዴል እያንዳንዱ ቁጥር በ2 ባይት ቢቀመጥ 14 ጊጋባይት ይይዛል፤ 12 ጊጋባይት ባለው ካርድ ላይ አይገባም። ቁጥሮቹ ወደ 4 ቢት ቢጠበቡ ግን 3.5 ጊጋባይት ብቻ ይሆናል፤ ጥቂት ጥራት ቀንሶ በዚያው ካርድ ላይ ይሠራል። ከመጀመሪያው ማሠልጠን ከሆነ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይጠይቃል፤ ያን ጊዜ ክላውድ የግድ ይሆናል።

ክላውድን አንንቅም። አማዞን ጂፒዩ ማከራየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ ዛሬ 80 ጊጋባይት ያለውን ካርድ፣ ማኅበራችን ሊገዛው የማይችለውን፣ ለጥቂት ሰዓት ተከራይቶ መመለስ ይቻላል። ጎግል ኮላብ በነፃ የሚያውሰውም አለ፤ ሰዓቱ የተወሰነ ነው፣ ካርዱም ሁልጊዜ አይገኝም። ነገር ግን 100 ጊጋባይት ዳታ በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር ለመላክ 22 ሰዓት ይፈጃል፤ ያውም መብራቱም መስመሩም ካልተቋረጠ። ሒሳቡም የሚቆጠረው ኮምፒዩተሩ ከተከፈተበት እስከተዘጋበት ነው፤ ሠራህበት አልሠራህበት ባለቤቱ አይጠይቅም። ካርዱ ሁለት ሺህ ዶላር ቢያወጣና ኪራዩ በሰዓት አንድ ዶላር ቢሆን፣ ሁለቱ እኩል የሚሆኑት በ2,000 ሰዓት፣ ማለት ሌት ተቀን በ83 ቀን ነው። በአንድ ሴሚስተር ይደረስበታል።

ከዋጋው ይልቅ የሚያሳስበን ግን የሚከፈለው በዶላር፣ በውጭ ሀገር የባንክ ካርድ መሆኑ ነው። ዋሽንግተን አጎት ያለው ተማሪ የመመረቂያ ሥራውን በአጎቱ ካርድ ይጨርሳል፤ አጎት የሌለው ርእሱን ይቀይራል። ይህን በዓይናችን አይተናል። መምህራኖቻችንም የሥራውን ጥራት ሲመዝኑ ሳያውቁት የአጎቱን ኪስ ይመዝናሉ ብንል ማጋነን አይሆንም።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ማኅበሩ ባለ 24 ጊጋባይት አንድ ካርድ ያለው ኮምፒዩተር ይግዛ፤ በአንድ ሰው ቁልፍ ሥር ሳይሆን ሁሉም በሚገባበት ክፍል ይቀመጥ፤ ከየዶርሙ በመስመር እንዲገባበትም ይደረግ። ሥራ ሁሉ በተራ ይሰለፍ፤ የተራው ዝርዝር በግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ የመምህር ሥራም እንደ ተማሪው በተራው ይጠብቅ። መብራት ቢጠፋ የሳምንት ድካም እንዳይባክን ማንኛውም ፕሮግራም በየግማሽ ሰዓቱ የደረሰበትን በዲስክ ላይ ያስቀምጥ፤ ይህን የማያደርግ ፕሮግራም ተራ አይሰጠው። ከገንዘቡ አንድ አምስተኛው ደግሞ ለክላውድ ይቀመጥ፤ በማኅበሩ ስም በተከፈተ፣ ወጪው ጣሪያ በተደረገበት አንድ ሒሳብ፣ እዚህ በትንሹ ተሞክሮ ለሠራ ፕሮግራም ብቻ ይከፈል።

ማመልከቻውን ከዚህ ንግግር ጋር ለጸሐፊው ሰጥተናል። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት የኤሌክትሪክ ክፍል ተማሪዎች አንድ ነገር እንዲመለከቱልን እንለምናለን፤ ካርዱ ብቻውን 450 ዋት ድረስ ይስባል፤ የታሰበው ክፍል መስመር ይህን ከሌላው ዕቃ ጋር ይችል እንደሆነ ይለኩልን።