ልጆቻችን ትን ሲላቸው
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ስለ ታክሲ ሥራ እንድናገር ጠይቆኝ ነበር። እኔ ግን ስለ ልጆቻችን ጉሮሮ ልናገር ፈቃድ ለመንኩ። ባለፈው ዓመት በቅዳሜው የአማርኛ ትምህርታችን ላይ አንድ የስድስት ዓመት ልጅ እየሮጠ ቆሎ ሲቅም ትን አለው። አላለቀሰም፣ አልሳለም፤ ዐይኑ ብቻ ፈጠጠ። ግማሾቻችን ውሃ ስንል፣ ግማሾቻችን እናቱን ስንጣራ፣ ያዳነችው በነርሲንግ ሆም የምትሠራ አንዲት እህታችን ናት። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ በእጄ የያዝኩት ግን የውሃ ብርጭቆ ነበር።

አንጎል አየር ካጣ በአራት ደቂቃ ገደማ መጎዳት ይጀምራል። ከኦክላንድ ሳን ሆዜ በ880 የምንመላለስ ሁሉ እናውቃለን፤ አራት ደቂቃ በመጨናነቅ ሰዓት አንድ መውጫ እንኳ አታሻግርም። የአምቡላንሱም መንገድ ያው ነው። ስለዚህ ቀዳሚው ረዳት አጠገቡ ያለ ሰው ነው።

ልጁ የሚያስል ከሆነ ያስል፤ አጠገቡ እንሁን። ድምፁ ከጠፋ አንዱ 911 ይደውል፤ ሌላው ልጁን ወደ ፊት አጎንብሶ በትከሻዎቹ መካከል 5 ጊዜ በመዳፉ ይምታው። ካልወጣ ከኋላው ተንበርክኮ፣ ጭብጡን ከእምብርቱ ትንሽ ከፍ አድርጎ፣ 5 ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ይሳብ። እስኪወጣ ሁለቱን ያፈራርቅ። ልጁ ራሱን ከሳተ አጋድሞ ሲፒአር ይጀምር። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ግን ሆዱ አይጫንም፤ ክንድ ላይ በደረቱ አስተኝቶ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ጀርባውን 5፣ ገልብጦ ደረቱን 5 ነው። ውሃ አይሰጥም፤ የማይታየውን ለማውጣት ጣት አይከተትም።

ሆድ የመጫኑን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1974 ያስተዋወቁት ዶክተር ሄንሪ ሃይምሊክ ናቸው። በ2016፣ በ96 ዓመታቸው፣ በሚኖሩበት የአረጋውያን ቤት አንዲት ሴት አድነውበታል። ከዕድሜ በላይ የሆነ ትምህርት አይደለም ማለት ነው።

መከላከሉ ይቀላል። ቆሎ፣ ለውዝ፣ ፋንዲሻና ደረቅ ከረሜላ ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥ። ወይንና ሆት ዶግ በቁመቱ ይሰንጠቅ። ሁሉም ተቀምጦ ይብላ።

የካሊፎርኒያ ሕግ ምግብ ቤቶች ይህን እርዳታ የሚያሳይ ጽሑፍ እንዲለጥፉ ያዛል። ለበላተኛ የታሰበው ለተማሪዎቻችን ለምን ይቀራል? እኛም በክፍላችን እንለጥፍ፤ አስተማሪዎቻችንንም ቀይ መስቀል ዘንድ ልከን እናሰልጥን። የመጀመሪያው ተመዝጋቢ እኔ ነኝ።

እንኳን ለ10ኛው ዓመት አደረሰን!