ዘይት ይለወጣል፤ ወረቀት ግን አይታደስም
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ በሚገኝ የገጠር ቀበሌ አንድ ትራንስፎርመር ሲቃጠል የሚጠፋው መብራት ብቻ አይደለም። ወፍጮውም ይቆማል፤ እናቶች እህል ተሸክመው ሌላ ወፍጮ ወዳለበት መንደር ይጓዛሉ። ስለዚህ የትራንስፎርመርን ዕድሜ አስቀድሞ መገመት የመሐንዲስ ግዴታ ነው።

ይህ ዕድሜ በጥቅልሉ ሽቦ ላይ ከተጠመጠመው ወረቀት ዕድሜ አያልፍም። ዘይቱ ቢበላሽ ይጣራል ወይም ይለወጣል፤ ወረቀቱ ግን አንዴ ከደከመ አይመለስም። ወረቀቱ የተሠራበት ሴሉሎስ በአዲስነቱ በአማካይ ከ1000 እስከ 1200 ቀለበት ያለው ሰንሰለት ነው። ቁጥሩ ወደ 200 ሲወርድ ወረቀቱ ተሰባሪ ይሆናል፤ መስመር ሾርት ሲያደርግ የሚደርስበትንም ግፊት አይችልም።

ሰንሰለቱን የሚበጣጥሱት ሙቀት፣ እርጥበትና ኦክስጅን ናቸው። በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ደንብ መሠረት የተራ ወረቀት መደበኛ እርጅና በ98 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሰላል፤ ከዚያ በላይ በየ6 ዲግሪው ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ምጣዱና ወፍጮው በአንድነት ሲሠሩ በ110 ዲግሪ ለ4 ሰዓት የቆየ ወረቀት የ16 ሰዓት ዕድሜ ይከፍላል። አገሩ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2000 ሜትር ገደማ በመሆኑ ስስ አየሩ ሙቀትን አጥርቶ አይወስድም፤ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ግን ከፊሉን ይክሳል። መተንፈሻ ባለው ትራንስፎርመር ላይ ሰማያዊው ሲሊካ ጄል ወደ ሮዝ ሲለወጥ በወቅቱ ካልተተካ የክረምቱ እርጥበት ወደ ውስጥ ይገባል።

የወረቀቱን ሁኔታ ለማወቅ ትራንስፎርመሩን መክፈት ግድ አይደለም። ወረቀት ሲያረጅ ፉርፉራል የተባለ ውሁድ ወደ ዘይቱ ይለቃል፤ በላቦራቶሪም ይለካል። ዘይቱ ከተለወጠ ግን ምስክሩም አብሮ ይፈስሳል። ስለዚህ ናሙናው ከለውጡ በፊት ይወሰድ፤ የለውጡም ቀን ይመዝገብ። አንድ ልኬት ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ የሚያስተምረው ከዓመት ዓመት ያለው ጭማሪ ነው። የተበላሸ ትራንስፎርመር ለጥገና ሲከፈትም እሳት ካልነካው የጥቅልሉ የላይኛው ክፍል ወረቀት ተወስዶ ቢለካ የዘይቱ ምስክርነት ምን ያህል እንደሚታመን ይታወቃል።

ወረቀቱ ወደ ገደቡ የተቃረበ ትራንስፎርመር ጭነቱ ይቀነስለት፤ ተተኪውም መከር ገብቶ የወፍጮው ሥራ ሳይበዛ ይዘጋጅ።