በመኪና ላይ የሚተከል ከባድ መሣሪያና የባሌስትራ ሚዛን በሰሜን ጎንደር መንገዶች



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ በጀርባቸው ላይ የውኃ ጉድጓድ መቆፈሪያ፣ ክሬን ወይም ኮምፕሬሰር የተተከለባቸውን የጭነት መኪናዎች ሚዛን የሚመለከት ነው። እህል የጫነ መኪና ቢያጋድል ጆንያው ተነሥቶ ይደላደላል። የመቆፈሪያ ማሽን ግን በቡሎን የታሰረ በመሆኑ፣ ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ያደላ እንደ ሆነ መኪናው በሥራ ላይ እስካለ ድረስ እንዳደላ ይኖራል።

በሜዳ አገር የዚህ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ በጎማ ማለቅ ይወሰናል። ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል የሚያልፍ መኪና ግን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ከደባርቅ ወደ ዛሪማ ለመውረድ የሊማሊሞን ገደል መሻገር አለበት፤ ቁልቁለቱም ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣልያን ወረራ ዘመን ገደሉ ተፈልፍሎ የተሠራው ይህ መንገድ አንዱ ኩርባ ወደ ግራ፣ ተከታዩ ወደ ቀኝ የሚታጠፍበት ነው። ወደ ቀኝ ያጋደለ መኪና በቀኝ ኩርባ ያለ ችግር ያልፋል፤ በግራው ኩርባ ግን ማጋደሉ ከመታጠፉ ኃይል ጋር ይደመርበታል። በጋቢናው ውስጥ ሾፌርና ረዳት አሉ፤ ከቁልቁለቱ ማዶም ማሽኑን የሚጠባበቅ ውኃ የሌለው መንደር አለ።

ነገሩን በቁጥር ብንመለከተው ይሻላል። በኋላ አክስሉ ባሌስትራዎች ላይ 9 ቶን የሚያርፍበትን መኪና ለአብነት እንውሰድ። (ባሌስትራ የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን፣ በዚያ ቋንቋ ቀስት መወርወሪያ መሣሪያንም ያመለክታል፤ ጎባጣውን ብረት ላየ ስያሜው አይገርመውም።) ሁለቱ ባሌስትራዎች በ1 ሜትር ይራራቁ፤ እያንዳንዳቸውም 450 ኪሎ በተጨመረባቸው ቁጥር 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበሉ። የስበት ማዕከሉ ከመኪናው መካከለኛ መስመር 6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ወደ ቀኝ ቢያልፍ፣ ቀኙ ባሌስትራ 5,040፣ ግራው 3,960 ኪሎ ይሸከማሉ። ከዚህ የተነሣ ቀኙ ከግራው በ2.4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል።

ሆኖም ማሽኑ ረጅም ነው። የስበት ማዕከሉ ከባሌስትራዎቹ በላይ በ1 ሜትር ከፍታ የሚገኝ ከሆነ፣ መኪናው ሲያጋድል ማዕከሉም ይበልጥ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ይህም ሌላ ማጋደል ይወልዳል። ስሌቱ ሲጠናቀቅ ልዩነቱ 4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ያው ማሽን ማዕከሉ በ1.5 ሜትር ከፍታ ላይ እንዲውል ሆኖ ቢተከል ደግሞ 6 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። አብዛኞቻችን የምንጨነቀው ስለ ጎኑ ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን ከፍታው የበለጠ ሊያሳስበን ይገባል።

በጋራዦቻችን የተለመደው መድኃኒት ዝቅ ባለው ጎን አንድ ሁለት የባሌስትራ ንጣፍ መጨመር ነው። መኪናው በጋራዡ ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ባለቤቱም ተደስቶ ይሄዳል። ይህን ዘዴ አልደግፈውም። 9 ንጣፎች ባሉት ባሌስትራ ላይ ተመሳሳይ 2 ንጣፎች ሲጨመሩ ግትርነቱ በ22 በመቶ ገደማ ስለሚያድግ፣ ሁለቱ ጎኖች አንድን ጉድጓድ በተለያየ አኳኋን ይቀበሉታል፤ መኪናውም ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ከማዕከሉ መዛነፍ የመጣው የክብደት ልዩነትም በጎማዎቹ ላይ እንዳለ ይቀራል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ቀለል ያለው የግራ ጎማ ቀድሞ ተቆልፎ ይንሸራተታል።

ዐፄ ቴዎድሮስ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጉዙ መንገዱን ለጭነቱ አስጠርገው ነበር። እኛ ግን ጭነቱን ለመንገዱ ማዘጋጀት ይኖርብናል። ይህም የሚጀምረው እያንዳንዱን ጎማ ለየብቻው በመመዘን ነው። ከዚያም የሚዛወረውን ማዛወር ይገባል። ከላይ በጠቀስነው መኪና ላይ በድምሩ 300 ኪሎ የሚመዝኑ የመሣሪያ ሣጥንና ባትሪዎች ከቀኝ ጠርዝ ወደ ግራ ጠርዝ 1.6 ሜትር ቢሻገሩ፣ ከ6 ሴንቲ ሜትሩ መዛነፍ 5.3 ያህሉ ይወገዳል። የተረፈው ጥቂት ማጋደል ዝቅ ባለው ጎን፣ በአክስሉና በባሌስትራው መካከል በሚገባ የብረት መደብ ይስተካከላል፤ ባሌስትራዎቹ ግን እኩል ሆነው ይቆያሉ።

ማሽኑ ከሻንሲው ጋር የሚታሰርበትም መንገድ ከዚህ አይለይም። መኪናው ቦይን በሰያፍ ሲሻገር አንዱ የፊት ጎማና በተቃራኒው ማዕዘን ያለው የኋላ ጎማ ስለሚነሡ ሻንሲው ይጠመዘዛል፤ ግትሩ የማሽን መደብ ግን አይጠመዘዝም። ከዳር እስከ ዳር አጥብቆ ማሰር ቡሎን ይቆርጣል፤ ውሎ አድሮም ሻንሲ ይሰነጥቃል። ከኋላ በሁለት ቦታ አጥብቆ፣ ከፊት መካከል ላይ በአንድ ተንቀሳቃሽ ማሰሪያ መያዙ ይመረጣል።

አዲስ የገባ የብረት መደብ በጉዞ ብዛት ስለሚደላደል፣ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ቡሎኖች ይላላሉ። ከጎንደር የተነሣ መኪና ደባርቅ ሲደርስ፣ ቁልቁለቱን ሳይጀምር፣ ቆሞ እንደ ገና ሊጠብቁ ይገባል።