ስለ ሞተር ባቡርና ስለ ማስታወቂያው የተነገረ ንግግር



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ባቡርና ስለ ማስታወቂያው ነው። ነገሩ በሩቅ አገር የተደረገ ቢሆንም ትምህርቱ ለእኛም ይጠቅማልና በትዕግሥት ትሰሙኝ ዘንድ እለምናለሁ።

ባቡር በመጀመሪያ የሚሄደው ውሃ በከሰል እሳት ፈልቶ በሚሰጠው የእንፋሎት ኃይል ነበረ። ኋላ ግን በነዳጅ የሚሠራ ሞተር በሐዲድ ሠረገላ ላይ ተተክሎ መንገደኛ ያመላልስ ጀመር። ከምፅዋ ወደ አሥመራ ይመላለስ የነበረው ሊቶሪና የዚህ ወገን ነው።

በአሜሪካ አገር ከ1929 በኋላ (ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ) ንግድ ስለ ወደቀ፥ ሕዝቡም በአውቶሞቢል መሄድ ስላበዛ፥ የባቡር ኩባንያዎች መንገደኛ አጡ። ስለዚህ በርሊንግተን የሚባለው ኩባንያ በ1934 ዜፊር የተባለ አዲስ ባቡር አሠራ። ስሙ በጽርዕ ቋንቋ የምዕራብ ነፋስ ማለት ነው። ገላው ከማይዝግ ብረት የተሠራ፥ ሦስት ሠረገላ የተያያዘበት፥ ሞተሩም 600 የፈረስ ጉልበት ያለው ዲዝል ነበረ።

በሜይ 26 ቀን 1934፥ ይኸውም በእኛ ግንቦት 18 ቀን 1926 ዓመተ ምሕረት፥ ይህ ባቡር ጎሕ ሲቀድ ከዴንቨር ተነሥቶ በዚያው ዕለት ማታ ቺካጎ ገባ። 1,633 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ በ13 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ፈጸመ። ሌላው ባቡር ለዚህ መንገድ ከ25 ሰዓት በላይ ይፈጅበት ነበረ። ከሰዎቹም ጋራ አንድ ትንሽ አህያ ተጭኖ ነበረና፥ እንደዚያ የፈጠነ አህያ ከዚያ በፊት የነበረ አይመስለኝም። ወሬው በጋዜጣና በማስታወቂያ ተሰማ፤ በዚያው ዓመት በሲኒማ እንኳ ታየ።

እንግዲህ ማስታወቂያውን ብቻ ያነበበ ሰው፥ ቲኬት የገዛ ሁሉ በ13 ሰዓት ቺካጎ የሚደርስ ይመስለዋል። ዳሩ ግን በዚያ ቀን ሐዲዱ ከሌላ ባቡር ሁሉ ተጠርጎለት ነበር፤ መንገድ በሚሻገርበትም ስፍራ ዘበኛ ቆሞለት ነበር፤ መንገደኛ ለመጫንም በየጣቢያው አልቆመም። ያው ባቡር በኖቬምበር 1934 መደበኛ ሥራ ሲጀምር የተመደበው በሊንከን፥ በኦማሃና በካንሳስ ሲቲ መካከል ነው። በ1936 ከዴንቨር ወደ ቺካጎ የዘወትር ዜፊር ሲቆም ደግሞ የጉዞ ሰሌዳው 16 ሰዓት ይላል። ማስታወቂያው አልዋሸም፤ የአንዱን ቀን ነገር ተናገረ እንጂ የዘወትሩን አልተናገረም።

መጽሐፍ የሚገለብጥ ጸሐፊ ሥራውን ሲጨርስ ከእናቱ መጽሐፍ ጋራ ሳያመሳክር አይጠርዘውም። ማስታወቂያም እንዲሁ ከጉዞ ሰሌዳና ከዘመኑ ጋዜጣ ጋራ መመሳከር ይገባዋል።

እኔ ጸሐፊ እንደ መሆኔ ብዙ ሰው ወረቀት ይዞ ይመጣብኛል። «ምን ይላል?» ይለኛል እንጂ «እውነት ነውን?» የሚለኝ ጥቂት ነው። ፊደል የማያውቅ አባት ልጁ ያነበበለትን አምኖ በሬውን ይሸጣል። ልጁ የተጻፈውን ሁሉ እውነት ብሎ የሚቀበል ከሆነ፥ ያስተማርነው ፊደል ለአባቱ ጉዳት ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፥ ማንኛውም ማስታወቂያ በእጃችሁ ሲገባ ለተማሪዎች አራት ጥያቄ አቅርቡላቸው። ያወጣው ማን ነው፥ የሚሸጠውስ ምንድር ነው? መቼ ወጣ? ያልተናገረው ምንድር ነው? ከምንስ ጋራ ይመሳከራል? ሽማግሎችም ልጆቻችሁ ሲያነቡላችሁ እነዚህኑ ጠይቋቸው።

ዜፊር በ1960 ከሥራ ወጥቶ ዛሬ በቺካጎ ሙዚየም ቆሟል፤ የሚወደውም ሁሉ ሄዶ ያየዋል። ለእኛ ግን የሚበልጠው ከፍጥነቱ ይልቅ ማስታወቂያውን ከሰሌዳው ጋራ ማመሳከርን መማራችን ነው።

እግዚአብሔር ሥራችሁን ይባርክ።