ለሕፃን ልጅ የሚስማማው በቀቀን የትኛው ነው?



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ስለ ቡና ዋጋ ወይም ስለ መንገድ ሥራ ሳይሆን ለሕፃን ልጅ ስለሚሰጥ በቀቀን ነውና። ነገር ግን በውስጡ የአንድ ፍጡር ሕይወት፣ የአንድ ልጅ ጤናና የአንድ ቤተ ሰብ የብዙ ዓመት ኀላፊነት ስላለበት፣ በገበያ ቀን በችኮላ የሚወሰን ነገር አይደለም።

በመቱ፣ በጎሬ፣ በበቾ ወይም በያዮ ለሚኖር ወላጅ ይህ ጥያቄ ከሌላው አገር ወላጅ ይልቅ ቶሎ ይደርስበታል። የኢሉባቦር ልጅ በቀቀንን ለማወቅ የሥዕል መጽሐፍ እስኪገዛለት ድረስ አይጠብቅም። ጧት ጭጋጉ ከሶር ወንዝ ላይ ሲነሣ፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ጫፍ ለጫፍ እየጮኸ የሚያልፈውን አረንጓዴ መንጋ አንጋጦ ሊያየው ይችላል። ያየውን ደግሞ መመኘት የልጅ ባሕርይ ነው። «አባዬ፣ አንዱን አምጣልኝ» ይላል። አባትየውም ልጁን ለማስደሰት ሲል፣ ወንጭፍ ይዞ ዛፍ ለዛፍ ለሚዞረው ለጎረቤት ጎረምሳ ጥቂት ብር ይሰጥና ነገሩ እዚያ ላይ ይበላሻል።

እንግዲህ እነዚህ የዱር በቀቀኖች እነማን እንደ ሆኑ እንመልከት። በአገራችን ከሚገኙት ወገኖች ውስጥ ለደጋውና ለወይና ደጋው ሰው ቅርብ የሆኑት ሁለቱ ናቸው። የመጀመሪያይቱ ትንሿ ባለ ጥቁር ክንፍ በቀቀን ናት። ርዝመቷ ከ16 ሴንቲ ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ መላ አካላቷ አረንጓዴ፣ መንቁሯ ቀይ፣ የክንፏም ውስጥ ጥቁር ነው። ወንዱ ግንባሩ ላይ ቀይ ቀለም ስላለው ከሴቲቱ በቀላሉ ይለያል፤ ሴቲቱ ግንባሯም አረንጓዴ ነው። የአውሮፓ ሊቃውንት ይህችን ወፍ በ1814 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ሲመዘግቧት የሰጧት ስም በኤርትራ ደጋ ጫፍ ካለው ከታራንታ መተላለፊያ የተወሰደ ነው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ከፍተኛ ቦታዎች በቀር የትውልድ አገር የላትም። ሾላና የጥድ ፍሬ ትወዳለች፤ ሌሊቱንም በዛፍ ሽንቁር ውስጥ ከወገኖቿ ጋራ ተጠጋግታ ታድራለች።

ሁለተኛው ፊቱ ቢጫ የሆነው በቀቀን ነው። ይህ ከመጀመሪያይቱ እጅግ ይበልጣል፤ ከ25 ሴንቲ ሜትር በላይ ይደርሳል። ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል አገራችንን ጎብኝቶ ከተመለሰ በኋላ በ1845 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ለዓለም ያስተዋወቀው ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም አገር በዱር አይገኝም። በደቡብ ምዕራብ ደን ውስጥ የሚኖረው ነገዱ ፊቱ ከቢጫው ይልቅ ወደ ብርቱካን ቀለም የሚያደላ መሆኑንም የወፍ አጥኚዎች ጽፈዋል።

ሁለቱም በቀቀኖች እንቁላላቸውን የሚጥሉት በዛፍ ሽንቁር ውስጥ ነው። ይህን ነገር አጥብቃችሁ ያዙልኝ፤ ዋናው ችግር ከዚህ ይነሣልና። ለእንዲህ ያለ ጎጆ የሚሆን ሽንቁር በወጣት ዛፍ ላይ እንደ ልብ አይገኝም፤ ብዙ ዘመን የቆየ፣ ቅርንጫፉ ተሰብሮ ውስጡ የበሰበሰ ትልቅ ዛፍ ያስፈልጋል። ጫጩት የሚፈልግ ሰው እጁ ወደ ሽንቁሩ ካልገባለት በመጥረቢያ ያሰፋዋል፤ ወይም ዛፉን እስከ ነቅሉ ይጥለዋል። በዚያ ዓመት የሚጠፉት ጫጩቶቹ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ጉዳቱ በተወሰነ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ቤት የሚሆን ሽንቁር ስለማይኖር እናቲቱ በሚቀጥለው ዓመት ወደዚያ ተመልሳ አትጥልም።

የተያዘውም ጫጩት ዕድሉ ጥሩ አይደለም። ላባ ያላወጣ ጫጩት ቀንም ሌሊትም ሙቀት ይሻል፤ ምግቡም እናቱ ከጉሮሮዋ እያወጣች የምታጎርሰው ስለ ሆነ፣ በእንጀራ ፍርፋሪና በወተት ሊያሳድገው የሚሞክር ሰው ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀን ውስጥ ይቀብረዋል። ያደገው ደግሞ ሲያዝ ሰውን እንደ አዳኝ ስለሚያይ ይነክሳል። ጠንካራ ፍሬ የሚፈለቅቅ መንቁር የአምስት ዓመት ልጅ ጣት ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያስቸግርም። በላዩም ላይ የአገራችን ሕግ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። ስለዚህ የደኑ በቀቀን ለልጅ የሚስማማ አይደለም፤ ጎረምሳው ይዞ በር ቢያንኳኳም መግዛት አይገባም። አንዱ ከተገዛ በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ይዞ ይመጣል።

ሌላው ሰው ሁሉ በቀቀን ሲባል ትዝ የሚለው፣ ጅራቱ ቀይ የሆነው ግራጫው የአፍሪካ በቀቀን ነው። እርሱ በአገራችን ደን የለም፤ መኖሪያው ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ አንሥቶ እስከ ኡጋንዳና ምዕራብ ኬንያ ድረስ ነው። ንግግር በመቅዳት የሚተካከለው የለም ይባላል። አይሪን ፔፐርበርግ የተባሉት አሜሪካዊት ሊቅ በ1977 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ከወፍ ሻጭ የገዙት አሌክስ የተባለ ግራጫ በቀቀን፣ እስከ ሞተበት እስከ 2007 ድረስ አንድ መቶ ያህል ቃል ተምሮ፣ ቀለምንና ቅርጽን ለይቶ፣ እስከ ስድስት ይቈጥር ነበር። እኔ ግን ይህን ታሪክ የማነሣው ወፉን ለልጅ ለማስመኘት አይደለም። እንዲህ ያለ አእምሮ ያለው ፍጡር ብቻውን በሽቦ ቤት ሲዘጋ ይሰለቸዋል፤ ሲሰለቸውም የገዛ ላባውን እየነጨ ራሱን ራቁቱን ያስቀራል። ይህን ወፍ ለልጅ መስጠት ለልጅ ሌላ ልጅ አሳድግ ብሎ እንደ መስጠት ነው።

ዕድሜውም ሌላ ነገር ነው። ግራጫው በቀቀን በደንብ ከተያዘ 40 ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል። ዛሬ አምስት ዓመት የሆነው ልጃችሁ ትምህርቱን ጨርሶ፣ ሥራ ይዞ፣ አግብቶና ወልዶ ሳለ ወፉ ገና በእናንተ ሳሎን ይጮሃል። እናንተ ስታልፉ በኑዛዜ የሚተላለፍ የቤት እንስሳ መሆኑን ካላወቃችሁ አትግዙ። ከዚህም ሌላ በ2016 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በጆሃንስበርግ በተደረገው ዓለም አቀፍ ስብሰባ፣ ከዱር የተያዘውን ግራጫ በቀቀን ከአገር ወደ አገር መነገድ እንዲቀር ተወስኗል። ኢትዮጵያም ከ1989 (በዚያው አቆጣጠር) ጀምራ የዚህ ስምምነት አባል ናት።

እንግዲያስ ምን ይሻላል? በእኔ አስተያየት ለልጅ የሚስማማው የአውስትራልያው ትንሽ በቀቀን፣ ባጀሪጋር የሚባለው ነው። ክብደቱ ከ30 እስከ 40 ግራም፣ ርዝመቱም 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ጆን ጉልድ የተባለ እንግሊዛዊ በ1840 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ሕያው የሆኑትን ወደ እንግሊዝ ካመጣ ወዲህ በሰው እጅ ሲረባ የኖረ ስለ ሆነ፣ እርሱን ለመግዛት የሚፈርስ ጎጆ ወይም የሚቈረጥ ዛፍ የለም። ዕድሜው ከአምስት እስከ ዐሥር ዓመት ነው፤ ይህም ከልጅነት ዘመን ጋራ አብሮ የሚሄድ ነው። መንቁሩ ቢነክስ ያሳምማል እንጂ አያቈስልም ለማለት ይቻላል። ከእርሱ ከፍ ያለው፣ ጉትና ያለውና ጠባየ ለስላሳው ኮካቲየልም መልካም ወፍ ነው፤ ነገር ግን 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ስለሚኖርና ሰፊ ቤት ስለሚፈልግ ልጁ ዐሥር ዓመት እስኪሞላው መጠበቅ ይሻላል።

ለመግዛት የሚሄድ ሰው የሚሸጡለትን ዝም ብሎ አይቀበል። ከሚያረባው ሰው ቤት ሄዶ፣ ወንበር ስቦ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ወፎቹን ይመልከት። ጤናማው ወፍ ዐይኑ ጥርት ያለ፣ አፍንጫው ደረቅ፣ ከጅራቱ ሥር ያለው ላባ ንጹሕ ነው። በቀን ላባውን ነፍቶ ጥግ ይዞ የሚያንቀላፋውን፣ ሲተነፍስም ጅራቱ ከፍ ዝቅ የሚለውን፣ አሳዘነኝ ብሎ መግዛት ስሕተት ነው፤ የታመመ ነውና ልጁ በሳምንቱ ያለቅስበታል። ግልገሉ የሚታወቀው በግንባሩ ላይ ያለው የጥቁር መስመር ዝንጕርጕር እስከ መንቁሩ ድረስ ስለሚወርድ ነው፤ ሲያድግ ግንባሩ ይጠራል። ግልገል መምረጥ መልካም ነው፤ እጅ ይለምዳልና። ያደገው ወንድ ከመንቁሩ በላይ ያለው ቆዳ ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ፣ የሴቲቱ ቡናማ ነው።

አንድ ይገዛ ወይስ ሁለት? አንዱ ብቻውን ሲሆን ሰውን ጓደኛ ስለሚያደርግ ቃል ለመቅዳት ይፈጥናል፤ በመቱ ቤት ያደገ እንደ ሆነም ኦሮምኛውንም አማርኛውንም ሳይመርጥ ይቀዳል። ይሁን እንጂ ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ወላጆቹ ሥራ በሚውሉበት ቤት ብቻውን የሚውል ወፍ ያሳዝናል። ይህ ወፍ በትውልድ አገሩ በመንጋ የሚኖር ነው። ስለዚህ ንግግሩ ቢቀርም ሁለት ግዙ እላለሁ።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ፤ ለእኛ አገር ወላጅ ከሁሉ የሚያሠጋው እዚህ ላይ ነውና። የቡና አገር ነን፤ ቡናም ሲፈላ ከሰል ይቀጣጠላል፣ እጣን ይጨሳል። የወፍ ሳምባ ከሰው ይልቅ ጭስ አይችልም። የወፉ ቤት ቡና ከሚፈላበት ክፍልና ከማድ ቤት ርቆ ይቀመጥ። ምግብ እንዳይዝ ተብሎ የተቀባ መጥበሻ እሳት ላይ ተረስቶ ሲግል የሚወጣው ሽታ የሌለው እንፋሎትም ወፍን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። ቡናውም ራሱ፣ ጥሬው ቢሆን የፈላው፣ ለወፍ መርዝ ነው። ልጅ ለወዳጁ ከእጁ ማካፈል ይወዳልና ስኒው ከወፉ ይራቅ።

ከዚህ የሚከፋው አቦካዶ ነው። በመቱና በአካባቢው አቦካዶ በየጓሮው ስላለ፣ ፍሬ ፍሬ ነው ብሎ ለወፉ የሚያቀምስ አይጠፋም። ለሰው ገንቢ የሆነው ይህ ፍሬ የበቀቀንን ልብ ያቆማል፤ ቅጠሉም ልጣጩም አይሰጥ። በአንጻሩ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ፤ ሚጥሚጣ ወፍን አያቃጥልም፤ አፉ የቃርያን ማቃጠል የሚሰማው ሆኖ አልተፈጠረም። ሆኖም ከበርበሬው ጋራ ጨው ስለሚኖር ወጥ አይስጡት። ዳጉሳ፣ ጥቂት ጤፍ፣ ታጥቦ የተቈረጠ ጎመንና ካሮት ይበቃዋል፤ ተቀቅሎ የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት ደግሞ አጥንቱን ያጠነክርለታል። ውሃው በየቀኑ ይለወጥ።

የኢሉባቦር ክረምት ረዥምና እርጥብ መሆኑን አትርሱ። የሽቦ ቤቱ ነፋስ ከሚገባበት መስኮትና ከሚያንጠባጥብ ጣራ ይራቅ፤ ሌሊትም በነጠላ ጨርቅ ይሸፈን። ወደ ውጭ ማንጠልጠል ድመትንና ሸለምጥማጥን መጋበዝ ነው።

ለልጁ ደግሞ አስቀድሞ መማር ያለበት አንድ ነገር አለ። ወፍ እንደ እኛ ደረትንና ሆድን የሚለይ፣ ትንፋሽ የሚስብ ጡንቻ የለውም፤ የሚተነፍሰው የፍርምባ አጥንቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንቀሳቀሰ ነው። ልጅ በፍቅር ጨብጦ ሲይዘው አፍንጫውና አፉ ክፍት ሆነው ሳለ ታፍኖ ይሞታል። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ወፍን በእጁ አይያዝ። አምስት ዓመት የሞላው እህሉን ይስፈር፤ ሰባት የሞላው ውሃውን ይለውጥ፤ ከዚያም በላይ ያለው ቤቱን ያጽዳ። ሆኖም ማታ ማታ ሳይታይ ዞሮ የሚመረምር ወላጅ ይኑር፤ ልጅ በሦስተኛው ቀን ቢረሳ አይፈረድበትም፣ ወፉ ግን ጥማቱን እስከ ነገ አያቆየውም።

ኩሱ ሲደርቅና ሲበን ወደ ሰው ሳምባ የሚገባ የበቀቀን ትኩሳት የሚባል በሽታም አለ፤ በ1929 እና በ1930 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ከበቀቀን ንግድ ጋራ በብዙ አገሮች ተዛምቶ ነበር። አሁን በመድኀኒት ይድናል። የቤቱ ወለል ከመጠረጉ በፊት በውሃ ይረጠብ፤ ወፉን የነካ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ልጁ ትኩሳትና ደረቅ ሳል ከያዘው ለሐኪሙ «ቤታችን ወፍ አለ» ብላችሁ ንገሩ፤ ሐኪሙ ካልተነገረው አያስበውምና።

ይህ ሁሉ ጣጣ የበዛበት ወላጅ ቢኖር አልፈርድበትም። የሽቦ ቤት ሳይገዛ ልጁን በቀቀን ማጥገብ ይችላል። እሑድ ጧት ፍሬ የያዘ ሾላ ሥር ይውሰደው፤ ዝም ብሎ መቀመጥን ያስተምረው። መንጋው ሲመጣ ግንባሩ ቀይ የሆነውን ወንድና አረንጓዴዪቱን ሴት እየለየ ይቊጠር፤ የቈጠረውንም በደብተር ይጻፍ። ያዮ በ2010 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በዩኔስኮ የተመዘገበውን የቡና ደን የያዘች ስለ ሆነች፣ ዘመድ ያለው ሰው ልጁን ለዕረፍት ወደዚያ ቢልክ አይጸጸትም። ጓሮ ያለው ደግሞ ሾላ ይትከል። ፍሬ እስኪሰጥ ድረስ ብዙ ዓመት ያስጠብቃል፤ ልጁም እስከዚያ ድረስ ያድጋል።